የተቆረጠው ጠፍር

እንጅባራ፣ ግንቦት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ምሥራቅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የጫግኒ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን እያመማት ቢሆንም ደጅ ደጁን ማለቱን አልተወችም። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ስለገባ እኔም መንገድ ዳር የደረደርኳቸውን ወንበሮች በሸራ ስሸፍንና ስገልጥ እውላለሁ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትይ ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ድምፅሽን ስሰማ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» እልና ለእናትሽ አቀብላታለሁ። ኔትወርኩ አልተቆራረጠም፣ የተቆራረጠው የእኔ ወኔ ነው። ቤታችን የምናወራው በአገውኛ ቢሆንም ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ በአማርኛ ስለሆነ እጄ ሌላ መጻፍ አያውቅም። ይሄም ሳይሻል አይቀርም። በአፌ የዋሸሁሽን በእጄ ላቅናው።

ባለፈው ማክሰኞ መምህር ይሄነው ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። የሳይንስ ክበብ መምህርሽን አልረሳሽውም መቼም። ወንበር ሊገዛ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ቆሞ ግራ እጁን አንጓው ላይ እያሸ ይመለከተኝ ጀመር።

«ጋሽ ደጉ፣ ለምሥራቅ እርስዎ ቢነግሯት ትሰማ ይሆናል» አለኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ቤት ሠልጣኝ እየፈለገ እንደሆነ፣ ስምሽን እሱ እንደሰጠ፣ ሥራሽንም ሰምተው ወደው እስከ ግንቦት 30 መልስሽን እንደሚጠብቁ ነገረኝ። አንቺ ግን እምቢ ብለሻል።

«ምን ብላ ነው እምቢ ያለችው?» አልኩት።

«‹እኔ የሠራሁት ነገር ሰው ይሰብራል፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም› አለችኝ።»

ልጄ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልበላ ብሎኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሐል ላይ ብትናደጂብኝም እንኳ አታቋርጪው።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ፣ አንድ ደብተር ይዘሽ መጣሽ። በውስጡ ከእግር እስከ ራሱ በብረት የተሸፈነ ሰው ሥለሻል። በአራት ሺህ ዓ.ም. ከጠፈር የሚወርድ ዘበኛ ነው አልሽኝ። ምን ሊጠብቅ ነው የሚወርደው ብዬ ብጠይቅሽ፣ በምድር ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ምንጭ አልሽ። እኔም ሳቅሁብሽ፤ ዘጠኝ ወር ዝናብ በሚወርድበት በእንጅባራ ዘበኛ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው እንጂ ለውሃው አይደለም ብዬ። አንቺ አልሳቅሽም። የክልሉ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ውድድር ጥር 25 ቀን ባሕር ዳር እንደሚደረግና ይህን ሰው በሥዕል ሳይሆን ለብሶ በሚራመድ ልብስ ማሳየት እንደምትፈልጊ ነገርሽኝ። ከዚያ ሁሉ የወንበርና የአልጋ ደንበኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ያዘዘኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ሠራነው። አጥንቱ የእኔ ቀርከሃ ነበር፤ እርጥቡን ሰንጥቄ በእሳት እያጎበጥኩ። ቆዳው ቢጫ ጀሪካን ነበር፤ አንቺ በከሰል ፍም ላይ እያለሰለስሽ በቀርከሃው ላይ ስትጫኚው፣ እጅሽን ሲጠብስሽም ኡፍ እንዳትይ ከንፈርሽን ስትነክሺ አይ ነበር። ራሱ የአንድ የተሰባበረ ሞተር ብስክሌት ሄልሜት ነው። ደረቱ ላይ ከፀሐይ ፋኖስ የነቀልሻቸው ሰማያዊ መብራቶች ይበሩ ነበር። በላዩ ላይ የመኪና ቀለም ሲነፋበት ለሠራሁት ለእኔ ለራሴ እንኳ ብረት መሰለኝ።

የተለካው በእኔ ነው። «ሰፊ ትከሻ ያስፈልገኛል» ብለሽ ሜትሩን በደረቴ ዙሪያ ለማዞር እጆችሽን ዘረጋሽ። ካደግሽ ወዲህ እንዲያ ተጠግተሽኝ አታውቂም ነበር። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ተንፍስ እንጂ! ልኩ ይሳሳታል» አልሽኝ።

ያቺን ቀን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ነግሬሽ አላውቅም።

ከሁሉም በላይ የደከምሽው ወገቡ ላይ ነው። ደረቱንና ጭኑን የሚያያይዘው ማሰሪያ መታጠፍም መሸከምም ነበረበት። ሽቦ ሞከርሽ፣ ተበጠሰ። የናይለን ገመድ ሞከርሽ፣ ተንሸራተተ። ጠፍር ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አልጋ የሚጠፈርበት የበሬ ቆዳ፣ እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ የማይላቀቀው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሁሉ የአንቺ ነው። በብረት ቀለበት ውስጥ አሳለፍሽው፣ በመስቀለኛ ደረብሽው፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል በደብተርሽ አሰላሽ፣ ድንጋይ የሞላ ጆንያ አንጠልጥለሽ ሦስት ቀን አስዋልሽው። አንድ ጣት እንኳ አልረዘመም።

እኔ ደግሞ የራሴን ስህተት ጨመርኩበት። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው፤ ወንበር ሠሪ ነኛ። ጦረኛ ሲባል ደግሞ የሚታየኝ ኮርቻ ላይ ነው። አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ የጭኑን የኋላ በኩል ክፍት አደረግሁት፣ መሐሉንም አራት ጣት ያህል አሰፋሁት።

«አባዬ! ምን አደረግከው?»

«ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ እንዳይፈገፍገው ነው።»

«የምን ኮርቻ? ይሄ ሰው ከጠፈር ነው የሚመጣው!»

«እኮ! ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ነው የመጣው?»

እናትሽ ሙሉነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አንቺ ግን ልታለቅሺ ምንም አልቀረሽም። «እንደ ዳክዬ ነው የሚሄደው አሁን» አልሽ። እንደገና ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ እንዲሁ ቀረ። እኔም በአፌ ይቅርታ ብልሽም በልቤ አልተሸነፍኩም ነበር። ልኬ ትክክል ነው፣ የተሳሳተችው እሷ ናት እል ነበር።

አንድ ቀን አለቃ ገብረ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልብሱ መቆሚያው ላይ ሆኖ አዩትና አማተቡ። «ደጉ፣ ይህ የቆመው ማነው?» አሉኝ። እንግዳ ነው፣ ሩቅ አገር ሰው ነው አልኳቸው። ቀረብ ብለው ደረቱን በመቋሚያቸው ቆረቆሩት። «ይሄማ ጥሩር ነው፤ በመጽሐፍ ያለው የጦረኛ ደረት መከለያ። ጥሩርነቱ የሚታወቀው ግን ሲመታ ነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም ቤት ጥሩር ተባለ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ጥር 21 ቀን ነበር። የፈረሰኞች በዓል ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ የአንቺ ውድድር አራት ቀን። አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ፣ እናትሽ ዳንግላ ገበያ ሄዳለች። ሽባባው፣ ያ የፈረስ ጓደኛዬ፣ ፈረሳችንን እናሟሙቅ ብሎ መጣ። እኔ ፈረሴን ቦራን ጭኜ ልወጣ ስል ዓይኔ ጥሩሩ ላይ አረፈ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮርቻ ላይ ልቀመጥበትና ልኬ ትክክል መሆኑን ልይ አልኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የለም። እልህ ነው።

ሽባባው «ተው ደጉ፣ የልጅህ ነው» አለኝ። እኔ ግን ለብሼ ወጣሁ።

ምሥራቅ፣ ልክ ነበር። ኮርቻው ላይ እንደ እጅ ጓንት ገጠመ። ሜዳው ላይ ስጋልብ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሃያ ዓመት የሆነኝ መሰለኝ። አንቺ ብታይኝ እያልኩ ነበር የምጋልበው። ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ በዚያች ሰዓት በሥራሽ የኮራሁትን ያህል በምንም ኮርቼ አላውቅም።

ሜዳው ጫፍ ላይ ዛፍ ተቆርጦ ከሰል የተከሰለበት አሮጌ ጉድጓድ ነበር፤ ሣር ለብሶ አይታይም። የቦራ የፊት እግር ገባበት። እኔ በጀርባዬ ወደቅሁ፣ ፈረሱ ደግሞ በላዬ ተገለበጠ። ያ ሁሉ ፈረስ በደረቴ ላይ ሲያልፍ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ። የጎን አጥንቴ ነው ብዬ አመንኩ። «ሙሉነሽ» ብዬ ተጣራሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቦራ ተነሥቶ ሊሮጥ ሲል የጥሩሩ የእግር ክፍል ርካቡ ውስጥ ተሰክቶ ነበርና እየጎተተኝ ሄደ። ፈረሰኛ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ወድቆ ሳይሆን ተጎትቶ። ድንጋዩ በጀርባዬ ሥር ሲያልፍ ማሰሪያው እንዲበጠስ ስለት ተሳልኩ። አልተበጠሰም። ፈረስ በሙሉ ጉልበቱ እየጎተተው አንቺ ያሰርሽው ጠፍር አልበጠስ አለ። ሽባባው ደርሶ ልጓሙን ያዘና ቢላዋውን መዝዞ ወገቡ ላይ ያለውን ጠፍር ቆረጠው። የእግሩ ክፍል ከርካቡ ጋር ቀረ፤ እኔ መሬት ላይ ቀረሁ።

ልብሱን ሲያወልቁልኝ ደረቴ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም። የተሰበሩት ከዐሥራ ሁለቱ የቀርከሃ ጎኖች ሦስቱ ነበሩ። ሽባባው ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ስብርባሪ በእጁ ይዞ አለቀሰ። «ደጉ፣ ይቺ ልጅ ዛሬ ወለደችህ» አለኝ። በዚያው ቀን ለአንቺ እንድነግርሽ አስማለኝ። ማልኩለት፣ ግን አልነገርኩሽም።

ለምን? ፈርቼሽ ነው። የኮርቻውን ነገር ይቅር ሳትዪኝ ደግሞ ይሄን እንዴት ልንገርሽ? ሰባራውን በአንድ ቀን አቃናዋለሁ፣ ሳታውቂ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ፣ አሸንፈሽ ስትመጪ እየሳቅን እነግርሻለሁ አልኩ። ሦስቱን ቀርከሃ ቀየርኩ። የተቆረጠውን ጠፍር አውልቄ እርጥብ ጠፍር አሰርኩበት። ጠፍር በፀሐይ አምስት ቀን ይፈልጋል፤ እኔ የነበረኝ አንድ ቀን ነው። በማግስቱ አዲስነቱ እንዳይታወቅ ቀለም ቀባሁበት።

ይህን ቃል ደግሜ ልጻፈው። ቀለም ቀባሁበት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖርኩ ሰው፣ ጠፍር ሳይደርቅ ከተቀባ እርጥበቱ ውስጡ ታፍኖ እንደሚቀርና ሸክም ሲያገኘው እንደሚለጠጥ አውቃለሁ። ለአንቺም በሰባት ዓመትሽ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እያወቅሁ ቀባሁት። ይችል ይሆናል አልኩ።

አልቻለም። ጥሩሩን ለብሶ የቆመው ቁመቱ እኔን የሚያህለው መምህር ይሄነው ነበር። በዚያ ሁሉ ዳኛና ተመልካች ፊት አንቺ በማይክሮፎን ስለ ወገቡ ማሰሪያ እያስረዳሽ ሳለ፣ ደረጃውን ሲወርድ ወገቡ ለቀቀውና ተንከባሎ ወደቀ። ሰው ሳቀ። ግራ እጁ አንጓው ላይ መሰበሩ እስኪታወቅ ሳቁ እንዳላቋረጠ ነግረሽናል።

በማግስቱ ቤት ስትገቢ አላለቀስሽም። ጠፍሩን በሁለት እጅሽ ይዘሽ አመጣሽልኝ።

«አባዬ፣ ለምን ለሰለሰ? ሦስት ቀን ድንጋይ ችሎ ነበር እኮ።»

ያኔ ነበር የመናገሪያዬ ሰዓት። አፌ ተከፍቶ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «ልጄ፣ ቆዳና ቀርከሃ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሸክም አልተፈጠረም። ስሌትሽ በዝቶበት ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያቺን አንድ ዐረፍተ ነገር አምስት ዓመት ሳሻት ኖርኩ፣ አልተመለሰችም። አንቺ ራስሽን ነቀነቅሽና «ገባኝ» አልሽ። ከዚያ ጥሩሩን አቃጥለው አልሽኝ። እኔም ሳላቅማማ አቃጠልኩት፤ በእኔ ላይ ማስረጃ ነበራ።

ማትሪክ ስታልፊ ውጤትሽ ለኢንጂነሪንግ ይበቃ ነበር። ፎርሙ ላይ እርሻ ሞላሽ። እናትሽ ምነው ስትልሽ «ዘር ቢበላሽ ሰው አይሰብርም» አልሻት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ፣ ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። የጫግኒ ሥራሽን እየናቅሁብሽ አይደለም፤ ገበሬዎቹ እንደሚወዱሽ ከዚያ የሚመጣ ሁሉ ይነግረኛል። ግን ለበዓል ስትመጪ አያለሁ። ድሮ አንድ ወንበር ሳትነቀንቂ፣ «ይሄኛው ይወላገዳል» ሳትዪ አታልፊም ነበር። አሁን እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ታልፊያለሽ። ባየሁሽ ቁጥር እናገራለሁ እላለሁ፤ እንደገና ደግሞ አሁን ብናገር ምን ትሆናለች፣ ረስታው ይሆናል እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው እውነት ያልጠራው እኔ ላዩ ላይ ስለተቀመጥኩበት ነው።

ረስተሽው ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ወደ መቃብሬ ይዤው እወርድ ነበር፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን አልረሳሽም። እግር የሌለው ሰው በአንቺ እጅ ሊቆም ሲችል፣ እኔ በፈጸምኩት ጥፋት አንቺ እጅሽን ኪስሽ ከተሻል።

ሐሙስ ዕለት ለመምህር ይሄነው ሄጄ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ ተቀመጡ ቢለኝም። ከዚያ አንጓውን ወዲህና ወዲያ አዙሮ አሳየኝና «የእኔስ ድኗል፣ ጋሽ ደጉ። የእሷን ይጻፉላት» አለኝ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ለእናትሽ ነገርኳት። «አምስት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር ነው እንጀራ የቆረስኩት?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። እስካሁን አላናገረችኝም። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይታ ግን፣ የምልክልሽን ዕቃ የምጠቀልልበት ንጹሕ ነጠላ ያለ ቃል አጠገቤ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሻል። ሦስት የተሰበሩ ቀርከሃዎች አሉበት። ከጥሩሩ ጋር ያላቃጠልኳቸው እነሱን ነው፤ ቆጥ ላይ ደብቄያቸው ኖርኩ። እንደኔ ያለውን ፈሪ ሰው እንኳ ለእሳት መስጠት የማያስችለው ነገር አለ። ደረትሽ ላይ አድርገሽ ለኪያቸው፤ በእኔ ላይ የት እንደነበሩ ታውቂዋለሽ።

አራተኛው ዕቃ ከእነሱ ጋር የደበቅሁት ጠፍር ነው፤ አንቺ ያሰርሽው፣ የመጀመሪያው። ልጅ ሳለሽ ከሥራ ቦታዬ መሬት ላይ ቁራጭ ጠፍር አንሥቼ «ተቆረጠ ወይስ ተበጠሰ?» እያልኩ እጠይቅሽ ነበር። በሸክም የተበጠሰ ጫፉ ይበተናል፣ ቢላዋ የነካው ልሙጥ ነው። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሽ አታውቂም።

ስለዚህ እመኚኝ አልልሽም። እምነትሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝና ቃሌን ማስረጃ አላደርገውም። ይቅርታሽንም ዛሬ አልጠይቅሽም፤ እሱን በአካል መጥቼ፣ ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠፍሩን መስኮት አጠገብ ብርሃን ላይ ያዢው። ጫፉን በአውራ ጣትሽ ዳስሺው። ተቆረጠ ወይስ ተበጠሰ?

መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ። ለመምህር ይሄነው ደውለሽ ንገሪው፤ እስከ ግንቦት 30 ይጠብቅሻል።

በለካሽው ልክ ዛሬም የሚተነፍሰው፣
አባትሽ ደጉ